በሕግ አምላክ ያስቆምኳት ጎል

በዚያ እሁድ በበረዶ ሜዳው የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ፤ ልጄ ማህሌት፤ ከእኛ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው የሚኖሩት ጎረቤቴ እትዬ አስካለ፤ የማህሌት ቡድን አለቃ ኬቨን፣ ሥራው የጥርስ ሐኪም ነው፤ ግብ ጠባቂዋ ሊንዳ፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ስማቸውን የማላውቀው የቀሩት የቡድኑ ልጆች፣ ልጆች ልበላቸው እንጂ ከእኔ የሚበልጡም አሉባቸው፤ ጥቁር የለበሱት ተጋጣሚዎች፤ ከእነሱም መካከል ቀይ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ አንድ ግዙፍ ሰውዬ፤ ሰዓት የምትይዝ ሴትዮ፤ ዳኛው፤ አንድ ፔርሙዝ ሻይ፣ አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎና አንድ ጋቢ። ጋቢውን ከሰው ጋር የቆጠርኩት በዚያ ቀን ከአንዳንድ ሰው ይልቅ ስለጠቀመኝ ነው። እግዚአብሔርም እንደነበረ አምናለሁ። ለማን ይደግፍ እንደነበረ ግን እስካሁን አልገባኝም።

ለእኔ እንዲደግፍ ለምኜው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው።

ማህሌት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፋርማሲ ትሠራለች። አምና አንድ ቀን ከሥራ ገብታ፣ «ማሚ፣ ሆኪ ጀመርኩ» አለችኝ። እኔ የሰማሁት «ኩኪ» ነው። «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ስኳሩን ብቻ ቀነስ አድርጊው» አልኳት። በሳምንቱ ሰው የሚያህል ቦርሳ እየጎተተች ስትገባ፣ ከውስጡም ቆልማማ ዱላና ከሥሩ ቢላ የተተከለበት ጫማ ሲወጣ፣ ይሄ ኩኪ የሚጋገርበት ዕቃ እንዳልሆነ ገባኝ።

እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ልጄ «ፈሪ ነሽ» ትለኛለች፤ ጠንቃቃና ፈሪ የሚለያዩት ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። እስከ አሥር ዓመቷ ድረስ ደረጃ ስትወርድ እጇን ይዤ ነው። አሁን በቢላ ላይ ቆማ በበረዶ ላይ ትሮጣለች፤ አጠገቧ ደግሞ ዱላ የያዙ ወንዶችና ሴቶች ተቀላቅለው ይሮጣሉ። «ማሚ፣ አትፍሪ፤ ካፕቴናችን የጥርስ ሐኪም ነው» አለችኝ ልታጽናናኝ። አንድ ቡድን የጥርስ ሐኪም ይዞ የሚዞረው ለምን እንደሆነ አስቡት እስቲ።

ቡድኑ የጀማሪዎች ነው። ቀን ሠርተው የሚውሉ፣ በጎልማሳነታቸው መንሸራተት የጀመሩ ሰዎች እሁድ እሁድ ይገጥማሉ። ዘጠኝ ጊዜ ተጫውተው ዘጠኝ ጊዜ ተሸነፉ። መሸነፍስ ያለ ነው፤ እነሱ ግን በዘጠኙም ጨዋታ አንዲት ጎል አላገቡም። በመጨረሻ ኬቨን ሰብስቧቸው፣ «በአሥረኛው አንዲት ጎል እንኳ ካላገባን ቡድኑን እናፍርስና በሰላም እንለያይ» አላቸው። ተስማሙ። ማህሌት ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ድስት የማማስል መስዬ ፊቴን አዞርኩ፣ ደስታዬን እንዳታይብኝ።

የአሥረኛው ጨዋታ ዕለት፣ በዚያ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ «ጌታ ሆይ፣ ማንም ሳይጎዳ፣ ማንም ሳያገባ ይለቅ» ብዬ ጸለይኩ፤ ሻማም ተሳልኩ። ማንም ማለቴ የእኛዎቹን ነው፤ እነዚያ እንደፈለጉ ያግቡ። እናት ልጇ እንድትሸነፍ መጸለይዋ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። እናንተም ልጃችሁ በቢላ ላይ ቆማ ስትሮጥ ብታዩ ምን ትጸልዩ እንደነበር ልያችሁ።

ብቻዬን ብሄድ ልቤ ቀጥ ይላል ብዬ እትዬ አስካለን ለመንኳቸው። ከቤተ ክርስቲያን እንደወጡ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ተከተሉኝ። ከሰፈራችን ከዌስተን ሁለት አውቶቡስ ቀያይረን ደረስን። በሩን ከፍተን ስንገባ ብርዱ ከውጭው ብሶ ተቀበለን።

«እነዚህ ሰዎች፣» አሉ እትዬ አስካለ ቆም ብለው፣ «ሰማይ የሚያወርድላቸው በረዶ አልበቃ ብሏቸው ነው ቤት ውስጥ ሌላ የሠሩት?»

ጋቢውን ለሁለት ተከናንበን ሜዳውን ከከበበው መስተዋት ጀርባ ተቀመጥን። ትንሽ ካዩ በኋላ፣ «አንቺ፣ ይሄማ ገና ነው!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቆልማማው ዱላ አለ፤ ሩሩም አለ፣ ጠፍጣፋ ከመሆኑና ፐክ ከመባሉ በቀር፤ መገፋፋቱም መጮሁም ያው ነው። በእኛ ሰፈር ገናን የሚጫወቱት ወንዶች ብቻ ነበሩ። እኔ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ነበር የማየው። አንድ ጊዜ ሩሩ ወደ እኔ ተፈናጥሮ መጥቶ በእግሬ ስለመለስኩት ወንድሞቼ ሳምንቱን ሙሉ አኩርፈውኛል። ይህን ለማህሌት ነግሬያት አላውቅም።

ጨዋታው ተጀመረ። ቀይ ጢሙ ሰውዬ በረዶው ላይ የተወለደ ይመስላል። የእኛዎቹ ደግሞ ሳሙና በፈሰሰበት ወለል ላይ እንደሚሄድ ሰው ናቸው። ይሄ ሰውዬ ጀማሪ ነኝ ብሎ የተመዘገበው በየትኛው አፉ ነው? አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት አገባ። እኔ ምን ቸገረኝ፤ ጸሎቴ እየሠራ ነው።

ግን ዳኛው አለ። ነጭና ጥቁር መስመር ያለው ካናቴራ ለብሷል፤ ራሱን በሄልሜት፣ ግንባሩንና ዓይኑን በጠቆረ መስተዋት ሸፍኗል። የእኛዎቹ ትንሽ ወደፊት ሲሄዱ ፊሽካውን ይነፋል። ነፍቶም አይተዋቸውም፤ ያጠፋው ሰው አጠገብ ሄዶ ጣቱን ቀስሮ ይናገራል፤ ሰማያዊውን መስመር እያሳየ ይናገራል፤ ልጄንማ ዱላዋን ሳይቀር ነካ ነካ እያደረገ ተናገራት። እነዚያ ሲያጠፉ ነፍቶ እጁን ወርወር አድርጎ ይሄዳል። መቁጠር ጀመርኩ። በእኛ ላይ አሥራ አንድ ፊሽካ፣ በእነሱ ላይ ሁለት። እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ አሥራ አንድና ሁለት እኩል አለመሆናቸውን ለማወቅ ግን አራተኛ ክፍል ይበቃል።

የሰው ነገር እኮ ይገርማል። ጠዋት እንዲሸነፉ ተስዬ፣ ቀትር ላይ ፍርድ ተጓደለ ብዬ ደሜ ፈላ። መሸነፋቸውን እፈልገዋለሁ፤ ግን በአግባቡ ይሸነፉ!

እትዬ አስካለ ቀደሙኝ። «አንተ የሜዳ አህያ!» አሉ ጮክ ብለው።

«ኧረ እትዬ፣ ቀስ ይበሉ፤ ይሰማል እኮ።»

«ቢሰማስ? አማርኛ ከየት አባቱ ያመጣል? ይልቅ አንቺም ተናገሪ፣ ልብሽ ይቀልልሽ።»

እኔ ስድብ አልችልበትም። ቢሆንም እንዳቅሜ፣ «ፊሽካ የጎረሰ ሁሉ ዳኛ! እህትህ ብትሆን እንዲህ ትነፋባት ነበር?» አልኩት። እውነትም ልቤ ቀለለኝ። ዳኛው ዞር ብሎ ወደ እኛ ተመለከተ። እትዬ አስካለ በፈገግታ እጃቸውን አውለበለቡለትና፣ «አዎ፣ አንተን ነው፣ አህያው» አሉት።

ከዚያ በሁለተኛው ዙር ላይ የማህሌት ዱላ ጥቁር ከለበሱት የአንዷ እግር መካከል ገባና ሴትዮዋ ተዘረረች። ዳኛው ነፋ። ልጄን እየመራ ወሰዳትና በመስተዋት የታጠረች ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋባት።

ልጄ ታሰረች።

አገራችን ሰው ሲታሰር ምን ይደረጋል? ስንቅ ይወሰዳል። ፍርዱ ልክ ነው አይደለም በኋላ የሚታይ ነገር ነው። ፔርሙዜንና ፌስታሌን አንጠልጥዬ ሜዳውን ዞሬ ሮጥኩና የኋላውን በር አንኳኳሁ። ሰዓት የምትይዘው ሴትዮ ደንግጣ ከፈተችልኝ።

«ማሚ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሻይ ጠጪ። ደርቀሻል እኮ።»

«ሁለት ደቂቃ ነው፣ ማሚ! ቱ ሚኒትስ! ፕሊስ፣ ተመለሺ!»

«ሁለት ደቂቃም ይሁን ሁለት ዓመት ብርድ ብርድ ነው። በይ አፍሽን ክፈቺ፣ ትንሽ ዳቦ ቆሎ...»

«ማሚ፣ አፌ ውስጥ ጥርስ መጠበቂያ አለ!»

ዳኛው ተንሸራትቶ መጣ። እኔን አየኝ፤ ከዚያ ፌስታሉ ውስጥ ያለውን ዳቦ ቆሎ ለረጅም ጊዜ አየ። ዳኛን ማስከፋት ለእስረኛ አይበጅም ብዬ ለእሱም ዘረጋሁለት። «ኖ፣ ታንክ ዩ» አለና ጉሮሮውን ጠርጎ ሄደ። ጉቦ መሰለው ብዬ አፈርኩ። ሰዓት የምትይዘው ሴትዮ ግን ምንም አልመሰላትም፤ ሙሉ እጇን አፈሰች።

ወደ ቦታዬ ስመለስ እትዬ አስካለ፣ «ዋስ አይቀበሉም?» አሉኝ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ለባዶ ሆነ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ደቂቃ ቀረ። ሦስት ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ ቡድኑ ይፈርሳል፣ ልጄ ቤቷ ትገባለች፣ እኔም እሁዴን በሰላም እውላለሁ። ጋቢውን ማጣጠፍ ጀምሬያለሁ።

ያኔ ነው ፐኳ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ የማህሌት እግር ሥር የቆመችው። ማህሌት ቀና አለች። ከፊቷ ማንም የለም፣ ከተጋጣሚው ግብ ጠባቂ በቀር። ሰማያዊው መስመር ጋ ስትደርስ ፐኳን አስቀድማ፣ እሷ ተከትላ አለፈች። ፊሽካ የለም! ትንሽ ትንገዳገዳለች፣ ግን አትወድቅም። እጄ ላይ ያለው ጋቢ ወደቀ። እንዳታገባ የጸለይኩት ሴትዮ፣ ማለቴ እኔ፣ ቆሜ «ሂጂ! ሂጂ!» እላለሁ።

ከዚያ ከኋላዋ ቀይ ጢሙን አየሁት። እንደ ጎርፍ እየመጣ ነው። መጣ፣ መጣ፣ ዱላውን ወደ ላይ አነሳ። ከልጄ ራስ በላይ።

ልጅ ሆኜ አባቴ ከጎረቤታችን ጋር በድንበር ተጣልቶ ዱላውን አንስቶ ሲያባርረው አይቻለሁ። ትልልቆቹ ሁሉ ሸሹ። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ መንገድ ላይ ቆማ «በሕግ አምላክ!» አለችው። አባቴ ዱላውን እንደሰቀለ ቆመ። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። በሕይወቴ ከዚያ በኋላ እንደዚያ የታዘዘልኝ ሰው የለም።

እናም አፌ ተከፈተ። «በሕግ አምላክ!» አልኩ። ያ የበረዶ አዳራሽ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ድምፄን ተቀብሎ ሦስት ጊዜ ደገመው።

ፊሽካው ተነፋ።

ሁሉም ቆመ። ቀይ ጢሙ ዱላውን እንደሰቀለ ቆመ። ግብ ጠባቂው ቆመ። ማህሌት ቆመች። ያልቆመችው ፐኳ ብቻ ናት፤ ልጄ መትታት ነበርና ቀስ ብላ፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ሳትቸኩል፣ በግብ ጠባቂው እግር መካከል ተንሸራትታ ገባች። በዚያኛው ጫፍ ያለችው ሊንዳ ፊሽካውን አልሰማችም መሰለኝ፣ ብቻዋን ዱላዋን በረዶው ላይ እየደበደበች ትጨፍራለች።

ዳኛው ሁለት እጁን ዘርግቶ አወናጨፈ። ይህን ለመረዳት ሆኪ ማወቅ አያስፈልግም። ጎል የለም።

ከዚያ ወደ እኛ መጣ። መስተዋቱን ከፊቱ ወደ ላይ ገፋ። የጠይም ሰው ፊት፣ ዕድሜው አርባ ግድም፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ።

«እናቴ፣» አለ በአማርኛ፣ «እርስዎ ነሽ በሕግ አምላክ ያልሽው?»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ሳቡት። «አፈር በበላሁ» ሲሉ ሰማኋቸው ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣» አልኩ። «ያ ሰውዬ በዱላ ሊላት ነበር።»

«እሱ? ኖ፣ ኖ። ደክሞታል፤ ቅያሬ ነው የፈለገው። ዱላ ማንሳት ‹እኔ ልውጣ፣ ሌላ ሰው ይግባ› ማለት ነው።»

ቀይ ጢሙን አየሁት። እውነትም እንደ ወናፍ ይተነፍሳል።

«ታዲያ አንተ ምን ቤት ነኝ ብለህ ነፋህ?»

«እኔንጃ!» አለ። ላብ በላብ ሆኗል። «አያቴ አጥቢያ ዳኛ ነበረ፤ ትንሽ ሆኜ እሱ ነው ያሳደገኝ። በሕግ አምላክ ከተባለ ወፍም ይቆማል ይል ነበረ። ጆሮዬ ሰማ፣ አፌ ነፋ። ጭንቅላቴ ኋላ ነው የደረሰ።»

«ጎሏስ?»

«ፊሽካ ከተነፋ በኋላ የገባ ጎል አይደለም።»

«አንተው ነፍተህ አንተው ትከለክላለህ? ቀድሞውንስ በእኛ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ነፍተህ የለ!»

«ማሚ!» ማህሌት ደርሳለች፤ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። «ሲያስተምረን እኮ ነው! ሌሎቹ ዳኞች ነፍተው ነው የሚሄዱት፤ ምን እንዳጠፋን ማንም አይነግረንም። ‹ፐኩ መስመሩን ሳያልፍ አንቺ አትለፊ› ብሎ ያሳየኝ እሱ ብቻ ነው። አሁን ያለፍኩት ለዛ ነው!»

አሥራ አንዱ ፊሽካ አሥራ አንድ ትምህርት ነበር ለካ። እኔ አራት ክፍል ተምሬ አስተማሪ ሳይ የማላውቅ።

ቀይ ጢሙ መጣ። «ካውንት ኢት!» አለ በወፍራም ድምፁ። ቁጠርላቸው፣ እኛ ስምንት አለን፣ ምን ይጎድልብናል ማለቱ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ስለ ዱላው በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩት። ዳኛው ግን ራሱን ነቀነቀ። ከእሱም በፊት ማህሌት፣ «ኖ» አለች። «ፊሽካ ተነፍቷል።»

ይህችን ልጅ ማን ነው ያሳደጋት? እያልኩ አየኋት።

ስምንት ለባዶ አለቀ። ልብስ ቀይረው ወደ መተላለፊያው ወጡ። በቃላቸው መሠረት ቡድኑ ፈርሷል። ማህሌት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የቡድኑን ካናቴራ ታጣጥፋለች፣ ጠርዙን ከጠርዙ እያገናኘች። ልጄ ስትናደድ ትጮሃለች፤ ስታዝን ግን ልብስ ታጣጥፋለች። አባቷ በሞተ ጊዜ ቁም ሣጥኑን ሙሉ አጣጥፋለች። ጸሎቴ ቃል በቃል ተሰምቶልኛል፤ ማንም አልተጎዳም፣ ማንም አላገባም። 

ተነሳሁ። ዳኛው ጥግ ላይ ጫማውን ያወልቃል፤ ባለ መስመሩን ካናቴራ አውልቆ ሹራብ ለብሷል።

«ልጄ፣» አልኩት፣ «ፍርድህን ቀይር አልልህም። ዳኛ ነህና ፈርደሃል። አሁን ግን ካናቴራውን አውልቀሃል። ምስክር መሆን ትችላለህ?»

ጫማውን እንደያዘ አየኝ። ከዚያ ሳቀ፣ ሳቁም ቶሎ አላለቀለትም። በካልሲው ሄዶ ቡድኑ ፊት ቆመ። የተናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ማህሌት በኋላ እንዳስረዳችኝ እንዲህ ነው ያለው። ወረቀቱ ላይ ስምንት ለባዶ ነው፤ አይቀየርም። እኔ ግን ዓይኔ ፐኳ ላይ ነበር። ከዱላዋ የወጣችው ፊሽካዬን ሳልነፋ በፊት ነው። ብነፋም ባልነፋም ትገባ ነበር። ይህን አይቻለሁ።

ኬቨን አገጩን ያዘ። ብዙ አሰበ፤ የጥርስ ሐኪም ሲያስብ ያስፈራል። «እኔ ‹ካገባን› ነው ያልኩት» አለ በመጨረሻ። «‹ከተጻፈልን› አላልኩም።»

ሊንዳ ዞር ብላ፣ «ታዲያ ምኑ ላይ ነው ክርክሩ? ገብታለች አይደል እንዴ?» አለች።

ጩኸቱን ተዉት። ማህሌት ካናቴራውን ዘርግታ መልሳ ለበሰችው። እንዲፈርስ የተሳልኩት እኔ፣ እንዳይፈርስ ያስመሰከርኩትም እኔ። ስለቴን ለማን እንደማስገባ እስካሁን አላወቅኩም።

ልንወጣ ስንል እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ ያ... የሜዳ አህያ ያልኩህ...» አሉት።

«‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ› ይል ነበረ አያቴ» አላቸው። ወደ እኔም ዞሮ፣ «ዳቦ ቆሎ ግን ተርፏል? ቅድም ብበላ ጉቦ ነበረ፤ አሁን ዳኛ አይደለሁም» አለ። ፌስታሉን እንዳለ ሰጠሁት። እየቆረጠመ ወጣ። የአገሬን ሰው አግኝቼ «ስምህ ማነው? የማን ልጅ ነህ?» ሳልል ስለያይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ድንጋጤው ነው።

አሁን ሌላ ውድድር ተጀምሯል። የማህሌት ቡድን እስካሁን ሦስት ጎል አግብቷል፤ ሦስቱም ወረቀት ላይ አሉ። እኔ እሁድ እሁድ ፌስታሌን ይዤ እሄዳለሁ፤ አፌንም በነጠላዬ እይዛለሁ። ዳኛው ግን ሌላ ነው። ይነፋል፣ እጁን ወርወር ያደርጋል፣ ይሄዳል። አዲስ የገቡት ጀማሪዎች ምን እንዳጠፉ ሳይገባቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። ማህሌት ስለዚያኛው ስትጠይቅ «አሁን አይመጣም» ብቻ ነው ያሏት። አንዷ ተጫዋች ደግሞ፣ ተመልካች ስለጮኸ ጨዋታ አስቆመ ብሎ የከሰሰው ሰው አለ ሲባል ሰምታለች። ቀይ ጢሙ እኔ አይደለሁም ብሎ ለማህሌት ነግሯታል፤ አምነዋለሁ። እውነት ይሁን ወሬ አላውቅም። ያስቆመው ግን የእኔ አፍ ነው፤ ሥራውን ያስቀረሁበት እኔ እንዳልሆን እፈራለሁ።

ስለዚህ እናንተን እጠይቃለሁ። ዕድሜው አርባ ግድም ነው፤ ጠይም፣ ረዘም ያለ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው፣ «እርስዎ ነሽ» እያለ የሚናገር፣ አያቱ አጥቢያ ዳኛ የነበሩ። በስካርቦሮም ሆነ በቶርንክሊፍ፣ ወይ በሌላ ሰፈር የምታውቁት ካላችሁ፣ ደህና መሆኑን፣ አሁንም ፊሽካ ይነፋ እንደሆነ ንገሩኝ።